እርከን

ሰባት ዓመት ሙሉ እርከን አስቆፈርሁ፣
ውኃ ልክ ይዤ፣ ገመድ እየሳብሁ፤
ተዳፋቱን ሁሉ ደረጃ አለበስሁ።
ጎርፉ አደብ ገዛ፣ አፈሩም ቆመልኝ፣
የደመወዝ እርከን ብቻ ነው እንቢ ያለኝ።
«ደረጃ አራት» ይላል ከቡሬ ያመጣሁት፣
በላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥን የቆለፍሁት።
የወረዳው ሰው ኃይል፣ አቶ እንየው፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«እንዳንቺ ሠራተኛ የለንም፤ ግን ዲግሪ…» አለኝ፣
ፋይሌን ከሌሎች ፋይሎች ሥር አድርጎ።

ፍለጋ ጀመርሁ።
የዋንዛ፣ የወይራ፣ የኮሶ ችግኝ ቁጥር
ከምመዘግብበት ደብተር፣ በጀርባው በኩል፣
የኮሌጅ ስም ጻፍሁ፣ ከጎኑም ዋጋውን።

አንዱ መደበኛ፤ «ሥራ ልቀቂና አራት ዓመት ተቀመጭ» የሚል፤
የእናቴን መድኃኒት፣ የታናሼን ኪራይ ማን አለና የሚከፍል?

አንዱ በክረምት ነው። ክረምት እረፍቱ ለመምህር፤
እኔማ ሰማይ ሲቀደድ ነኝ
ችግኝ በአህያ ጭኜ በጭቃ የምዳክር።
ተፈጥሮን ልማር ስል ተፈጥሮ አልለቅ አለኝ፤
ሠላሳ ሺህ ጉድጓድ በሰኔ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።

አንዱ በርቀት ነው፤ ዳንግላ መናኸሪያ ከምሰሶ ተለጥፎ፣
«በዝቅተኛ ዋጋ! ዛሬውኑ!» ይላል፣ ግማሹ በዝናብ ተገፍፎ።
ደወልሁ።
«እውቅና አላችሁ ወይ?» ብዬ ስጠይቀው፣
«አይሰማም፣ እህት፣ አይሰማም!» ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው።

የመጨረሻው እንጅባራ፣ ቅዳሜና እሑድ።
መዝጋቢዋ ልጅ በካልኩሌተር መታችልኝ፦
መመዝገቢያ፣ መታወቂያ፣ ክሬዲት ሰዓት፤
ሚኒባሱንና ምሳውን እኔ ደመርሁበት፣
ብሩንም በልቤ ወደ ከሰል መነዘርሁት፦
አንዷ ክሬዲት ሁለት ጆንያ ናት።

ማታ አባቴ ጠየቀኝ፣ «ምንድን ነው የምትማሪው?»
«የተፈጥሮ ሀብት አያያዝና ፖሊሲ።»
«ፖሊስ?» አለ ደንግጦ።
«የጎረቤትን ከሰል ልትይዥ ነው እንግዲህ?»
«ፖሊስ አይደለም፣ አባ፤ ፖሊሲ።»
«ልዩነቱ?»
አሰብሁ።
«ፖሊስ ዛፍ የቆረጠውን ይይዛል፤
ፖሊሲ ለምን እንደቆረጠ ይጠይቃል።»
ዝም አለ። በበሩ በኩል ማሳውን አየ፣
አንድ ቃዳ ዲከረንስ፣ አምስት ዓመት የሞላው፣
ለበሬ መግዣ ያሰበው።
«እኔንም ለምን እንደቆረጥሁ ከጠየቁኝማ፣
ልጄ ስለቆረጠች እላቸዋለሁ።»

በማግሥቱ መጥረቢያው ጮኸ፣ ከዳር በኩል።
ሳምንት ሙሉ ክምሩ ጨሰ፣ በአፈር ታፍኖ።
ቀን ቀን ስብሰባ መርቼ፣ «ዛፍ ሀብት ነው» ብዬ፣
ማታ ማታ ጭሱን ጠበቅሁ፣ እሳት እንዳይወጣው።
የተከልነው ነው፣ የእኛው ነው፣ ማንም አይከለክለው፤
ደረቴ ውስጥ ግን አንድ ነገር
አልከስልም አለ።

ቅዳሜ ክፍል ገባሁ፣ ጥፍሬ እንደጠቆረ።
መምህሩ ስም ሲጠራ፣ «ይታክቱ አትንኩት»፣
ቀና አለ፤
«አትንኩት? ይህማ ስሙ ራሱ ፖሊሲ ነው!»
ሁሉም ሳቀ።
እጄን ከዴስኩ ሥር ደበቅሁ።

የመጀመሪያው ፈተና፣ ጥያቄ ሦስት፦
«የደን መመናመን ምክንያቶችን ዘርዝሩ።»
የእርሻ መስፋፋት፣ አልሁ። የማገዶ ፍላጎት። የሕዝብ ቁጥር።
አራተኛ፣ «የዲግሪ ክፍያ» ብዬ ጻፍሁ።
ሰረዝሁት።
መልሼ ጻፍሁት።

እሑድ ማታ ከሚኒባስ ወርጄ፣
ዳገቱን በስልኬ መብራት ስይዘው፣
በእኔ ገመድ የተቀየሱትን እርከኖች ቆጠርሁ፤
አርባ አንድ ላይ ደከመኝ፣ ተቀመጥሁ።
ከታች፣ በጠቆረው አፈር ላይ፣ የአባቴ ዶማ ይሰማል፤
ለክረምት ችግኝ ጉድጓድ ያዘጋጃል፣ በጨለማ።

መቶ አርባ ሁለት ክሬዲት ይላል ደብተሬ።
አሥራ አምስቱ ከስሏል።